የነፍሰ ጡር የደም ምርመራ ለምን ለየት ይላል? ሆርሞን ተሸካሚ ፕሮቲኖችን እንወቃቸው



የዚህ እትም የሳይንስ ገጻችን ርዕስ የመጣው ከዚሁ ከጁባ አቅራቢያ፣ ከጎሮም መጠለያ ጣቢያ ክፍላችን ነው። ስለ ሆርሞን እያስተማርን ሳለ አንዲት ተማሪያችን የነፍሰ ጡር እህቷን የላቦራቶሪ ወረቀት ይዛ መጣች። ወረቀቱ ላይ ጠቅላላው የታይሮክሲን መጠን «ከፍተኛ» ይላል። ቤተሰቡ ተደናግጧል። ጎረቤት ደግሞ «የእንቅርት በሽታ ነው፤ ቶሎ መድኃኒት ግዙላት» ብሏል። እውነት በሽታ ነው እንዴ? መልሱን ለማግኘት ሆርሞን በደም ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ አለብን።

እንደሚታወቀው ሆርሞን በዕጢዎች ተመርቶ በደም አማካይነት መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ታይሮክሲን አንገት ላይ ካለው ከታይሮይድ ዕጢ ይወጣል፤ ኮርቲሶል ደግሞ ከኩላሊት በላይ ከተቀመጠው ዕጢ። እነዚህ ሆርሞኖች ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን አይሄዱም። በዋናነት ጉበት የሚሠራቸው ተሸካሚ ፕሮቲኖች ይዘዋቸው ይዞራሉ። ከ10,000 የታይሮክሲን ሞለኪውሎች ነጻ ሆነው የሚገኙት 3 ያህል ብቻ ናቸው። ከኮርቲሶልም 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው የተያዘ ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን ነጻው ነው። የተያዘው እስኪለቀቅ ድረስ ወደ ሴል ገብቶ መልእክቱን ማድረስ አይችልም።

ነገሩን በጁባ ምሳሌ እንየው። ወደ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ የሚሄዱ ሚኒባሶችን አስቡ። ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሽንኩርት አይገዛም፤ የሚገዛው የወረደው ነው። መንገድ ላይ ያሉት ሚኒባሶች በእጥፍ ቢጨምሩና ሁሉም ቢሞሉ የተሳፋሪው ቁጥር ያድጋል። ገበያ ውስጥ ያሉት ገዢዎች ግን እንደ በፊቱ ሊሆኑ ይችላሉ።

በእርግዝና ጊዜ የሚሆነውም ይኸው ነው። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በብዛት ስለሚጨምር ተሸካሚዎቹ በደም ውስጥ ይበዛሉ። የታይሮክሲን ተሸካሚው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያድጋል፤ የኮርቲሶሉም እንደዚሁ። የጾታ ሆርሞኖች ተሸካሚ ደግሞ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይደርሳል። ይህኛው እንደ ቴስቶስትሮን ያሉትን የወንድ ሆርሞኖች አጥብቆ ስለሚይዝ እናትየዋን ይጠብቃታል። በዚህ የተነሣ በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ ጠቅላላው ታይሮክሲን ካላረገዘች ሴት ጋር ሲነጻጸር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም! ሐኪሞች ለመለየት የሚያዩት ነጻውን ታይሮክሲንና ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለውን፣ ታይሮይድን የሚያዘውን ሆርሞን ነው።

ግን አንድ ነገር እንዳንዘነጋ። የጨመሩት ሚኒባሶች መሙላት አለባቸው፤ ስለዚህ የእናት ታይሮይድ ከወትሮው በላይ መሥራት አለበት። ለዚህም አዮዲን ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም ይመክራል። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠቀመው የእናቱን ታይሮክሲን ስለሆነ፣ እጥረቱ የሚጎዳው የልጁን አእምሮ ነው። እንቅርት በብዙ የኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የኖረ ችግር መሆኑን ወላጆቻችን ያውቁታል። ኢትዮጵያም ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የታይሮክሲን እንክብል የምትወስድ ሴትም ካረገዘች ብዙውን ጊዜ መጠኑ እንዲጨመርላት ያስፈልጋል። ስለዚህ በራሷ ማቋረጥ የለባትም፤ ቶሎ ለሐኪም መንገር አለባት።

አራስ ልጅስ? ጨቅላ ሲወለድ የኮርቲሶልና የጾታ ሆርሞን ተሸካሚዎቹ ከእናቱ በጣም ያነሱ ናቸው፤ እያደር ነው የሚጨምሩት። ስለዚህ ጠቅላላ ኮርቲሶሉ ትንሽ መስሎ ቢታይ ነጻው ድርሻ ግን ከአዋቂ ይበልጣል። የቲ.ኤስ.ኤች. መጠኑም በተወለደ በደቂቃዎች ውስጥ በኃይል ወጥቶ በቀጣዮቹ ቀናት ይወርዳል። አራስን በአዋቂ መለኪያ መለካት ስሕተት ነው የምንለው ለዚህ ነው።

«ይህ የሰው ብቻ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄም ክፍል ውስጥ ተነሥቷል። ሰው፣ ጭላዳ፣ ዝንጀሮ፣ ጦጣና ጉሬዛ ሁላችንም ፕራይሜት በሚባለው ወገን እንመደባለን፤ ሆኖም ደማችን አንድ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ ስኩዊረል መንኪ የሚባሉት ትናንሽ የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ኮርቲሶላቸው ከሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ተሸካሚያቸውም በደንብ አይዘውም። ሰው እንዲህ ቢሆን በጠና ይታመም ነበር። እነሱ ግን ጤነኛ ናቸው፤ ምክንያቱም ሴላቸው ለኮርቲሶል የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነው። ከፕራይሜት ወጣ ብለን አይጥን ብናይ ደግሞ፣ በግልገሎቿ ደም ያለው አልፋ ፌቶፕሮቲን ኤስትሮጅንን ይይዛል፤ የሰው ልጅ አልፋ ፌቶፕሮቲን ግን ይህን አያደርግም።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። በሰሜን ተራሮች ጭላዳን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች እንስሳቱን ይዘው ደም አይቀዱም፤ መያዙ ራሱ ያስደነግጣቸዋልና። በምትኩ ጉበት አጣርቶ ያስወገደውን የሆርሞን ቅሪት ከፋንድያቸው ይለካሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት አዲስ ወንድ መንጋውን ሲወርስ ከነፍሰ ጡሮቹ 80 በመቶ ያህሉ ጽንሳቸው እንደሚቋረጥ ያሳዩት በዚህ መንገድ ነው። ፋንድያም ሲያነቡት ይናገራል!

የተማሪያችን እህትስ? ወደ ከተማ ሄዳ ነጻው ሲለካ ልክ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒትም አልተገዛም። ከዚህ የምንማረው፣ የላቦራቶሪ ወረቀት ስናይ «የማን ደም ነው? የተለካውስ ጠቅላላው ነው ወይስ ነጻው?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው። ውሳኔው ግን የሐኪም ነው። ከፍተኛ ውጤት አንዳንዴ እውነተኛ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቸል አንበለው።

ለክፍል ውይይት፦
1. ሚኒባሶቹ ቢቀንሱ ጠቅላላው ቁጥርና የገዢው ቁጥር ምን ይሆናል?
2. ቤታችሁ ያለው ጨው አዮዲን አለው? ከፀሐይና ከእርጥበት ተጠብቆ ተከድኖ ይቀመጣል?