ባለ ሁለት ስሙ ሮቦትና አድናቂው ዘጋቢ

አድናቂ ዘጋቢ የኮሚክስ፣ የአኒሜና የቪዲዮ ጌም ወዳጆች የሚሰባሰቡበትን ጉባኤ ተከታትሎ ላልመጡት የሚያደርስ ሰው ነው። ደመወዝ የለውም፤ ከጋዜጣ ወይም ከቴሌቪዥን ጣቢያ ጋር የገባው ውልም የለም። ወደ አዳራሹ የሚያመጣው ለሥራዎቹ ያለው ፍቅር ነው። መደበኛው ጋዜጠኛ የመክፈቻው ንግግር ካለቀ በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ፣ አድናቂው ዘጋቢ በሩ እስኪዘጋ ይቆያል። በአንድ ጥግ ራሱ ያሳተመውን ቀጭን መጽሐፍ ዘርግቶ የተቀመጠውን ወጣት ሠዓሊ የሚያገኘውም ለዚህ ነው።

ኮሚክስ በተከታታይ ሥዕሎችና በአጫጭር ጽሑፎች የሚነገር ታሪክ ነው። ንግሥተ ሳባ ወደ ንጉሥ ሰሎሞን ያደረገችውን ጉዞ በ44 ትናንሽ ክፍሎች የሚተርከውን ባህላዊ ሥዕል ያየ ኢትዮጵያዊ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። የጃፓን ኮሚክስ ማንጋ፣ የጃፓን አኒሜሽን ደግሞ አኒሜ ይባላል። እነዚህና ቪዲዮ ጌም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙት አንዱ ከሌላው ስለሚወለድ ነው። በዮይቺ ታካሃሺ የተሣለው «ካፕቴን ፁባሳ» የተባለው የእግር ኳስ ታሪክ በ1981 በማንጋ ተጀመረ፤ በ1983 አኒሜ ሆነ፤ በ1988 ደግሞ ጌም ተሠራለት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስቴንስል ማባዣ እስከ ስልክ

የአድናቂ ዘገባ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ሥራ ነው። በ1930 በአሜሪካዋ ቺካጎ የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች «ዘ ኮሜት» የተባለች ትንሽ መጽሔት ማሰራጨት ጀመሩ። እንዲህ ያሉ የአድናቂ መጽሔቶች በ1940 «ፋንዚን» የሚል ስም ወጣላቸው። ብዙዎቹ በስቴንስል ማባዣ ተባዝተው በፖስታ ይላኩ ነበር። ጸሐፊዎቹም አንባቢዎቹም አድናቂዎች ስለነበሩ፣ ስለ አንድ ስብሰባ የሚጻፈው ነገር በቦታው ባልነበረ ሰው ዘንድ በጉጉት ይጠበቅ ነበር።

የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ በ1939 በኒው ዮርክ ሲካሄድ 200 ያህል ሰዎች ተገኙ። ከእነርሱ መካከል ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ ከወደፊት ዘመን የመጡ የሚያስመስል ልብስ ለብሰው ታዩ፤ ልብሶቹን የሰፋችው ዳግላስ ናት። ዛሬ የታሪክ ገጸ ባሕርይን መስሎ መልበስ ኮስፕሌይ ይባላል። ቃሉን በ1983 የፈጠረው ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ታካሃሺ ነው። የዚያን የኒው ዮርክ ጉባኤ ሁኔታ ለትውልድ ያቆዩትም በአብዛኛው የተሳታፊዎቹ ጽሑፎችና ትዝታዎች ናቸው።

ትልልቆቹ ጉባኤዎች የተጀመሩት በትንሹ ነው። የሳንዲያጎው ኮሚክ ኮን በ1970 ነሐሴ ላይ ሲካሄድ 300 ያህል ሰዎች ነበሩት፤ ኋላ ግን ከ130,000 በላይ ሰዎች የሚታደሙበት ሆነ። በፈረንሳይ የአንጉሌም የኮሚክስ ፌስቲቫል በ1974፣ በፓሪስ ዙሪያ የሚካሄደው ጃፓን ኤክስፖ ደግሞ በ1999 ተጀመሩ። በአፍሪካም አልጀርስ በ2008፣ ሌጎስ በ2012፣ ጆሃንስበርግ በ2018 የየራሳቸውን ጉባኤ ከፈቱ።

በቶኪዮ የሚካሄደው ኮሚኬት ከእነዚህ ሁሉ የሚለይበት አንድ ሐሳብ አለው። በኮሚኬት ደንበኛ የሚባል የለም። የራሱን ማንጋ ይዞ የመጣው፣ ሊገዛ የመጣውና በር ላይ ሰልፍ የሚያስይዘው በጎ ፈቃደኛ ሁሉም «ተሳታፊ» ይባላሉ። የአድናቂው ዘጋቢም ቦታ ከዚሁ ይመነጫል። ከአጥር ውጭ ቆሞ የሚመለከት ታዛቢ ሳይሆን ከሰልፉ መሐል ቆሞ የሚጽፍ ተሳታፊ ነው።

ጅቡቲ በሥዕል ውስጥ

ዘጋቢያችን የሚሠራባት ጅቡቲና የባሕር ዳርቻዋ ከኮሚክስ ዓለም ጋር የቆየ ዝምድና አላቸው። ፈረንሳዊው ጀብደኛ አንሪ ደ ሞንፍሬ በ1911 ወደ ጅቡቲ መጥቶ በዕንቁ ፍለጋና በጦር መሣሪያ ንግድ ኖረ። ቤልጅየማዊው ሠዓሊ ኤርዤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሣለው «የፈርዖን ሲጋራዎች» በተባለው የቲንቲን ታሪክ ውስጥ ባለታሪኩን ቲንቲንን ከባሕር የሚያወጣው የጀልባ ካፒቴን ከሞንፍሬ የተቀዳ ነው።

ሁለተኛው ዝምድና በባቡር ሐዲዱ በኩል ይመጣል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው መስመር አካባቢ የልጅነቱን ከፊል ያሳለፈ አንድ ጣሊያናዊ ነበር፤ ስሙ ሁጎ ፕራት ይባላል። በ1937 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። አባቱ በእንግሊዞች ተማርኮ ሲሞት፣ እሱና እናቱ በድሬዳዋ ካምፕ ታግተው ከቆዩ በኋላ በ1943 ወደ ጣሊያን ተመለሱ። ፕራት ካደገ በኋላ በዓለም ከታወቁት የኮሚክስ ሠዓሊዎች አንዱ ሆነ። ኮርቶ ማልቴዜ የተባለው መርከበኛ ገጸ ባሕርዩ በምሥራቅ አፍሪካ የሚንከራተትባቸውን ታሪኮችም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሣለ። ለጅቡቲ አድናቂ ዘጋቢ ይህ ሁሉ ቁም ነገር ያለው መነሻ ነው፤ ኮሚክስ ከውጭ ብቻ የመጣ ነገር ሳይሆን የዚሁ ባሕርና የዚሁ ሐዲድ ታሪክ ያለበት ጥበብ መሆኑን ያሳያል።

ስም የሚያወጣው ተርጓሚው

ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጀመሪያውን ቋሚ የጦር ሰፈሯን ከአገሯ ውጭ የከፈተችው በ2011 በጅቡቲ ነው። አኒሜ ግን ከወታደሮቹ ጋር አልመጣም። በፈረንሳይኛም ሆነ በዓረብኛ ተተርጉሞ ከዚያ ቀድሞ በቴሌቪዥን መስኮት ይታይ ነበር። ሁለቱም ቋንቋዎች በጅቡቲ የሥራ ቋንቋዎች ናቸው፤ በየቤቱ ደግሞ ሶማሊኛና አፋርኛ ይነገራል፤ በገበያውና በጭነት መኪና መናኸሪያው አማርኛም ይሰማል።

በፈረንሳይኛ በኩል «ክለብ ዶሮቴ» የተባለው የልጆች ፕሮግራም ከ1987 እስከ 1997 ብዙ አኒሜ አሳይቷል። በዓረብኛ በኩል ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ በሊባኖስ የተጀመረው ትርጉም ኋላ በ2000 በተከፈተው ስፔስቱን ጣቢያ ሰፋ። ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ ብዙ ስም አለው። በ1978 ፈረንሳይ ውስጥ «ጎልዶራክ» ተብሎ የታየው ግዙፍ ሮቦት በዓረብኛ «ግሬንዳይዘር» ነው። የ«ካፕቴን ፁባሳ» ባለታሪክ በጃፓንኛ ፁባሳ፣ በፈረንሳይኛ ኦሊቪዬ፣ በዓረብኛ ማጂድ ይባላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም ለአኒሜ ጀግና ስም የሚያወጣለት የትርጉም ስቱዲዮው ነው።

ይህ ለዘጋቢው ተራ ጉዳይ አይደለም። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ አንዱ ሮቦት እያወሩ ላይግባቡ ይችላሉ። «ጎልዶራክ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ዘጋቢ በዓረብኛ ያደገውን አንባቢ ያጣል፤ «ማጂድ» ብቻ ብሎ የሚጽፍም በፈረንሳይኛ ያደገውን። በጅቡቲ ዓይነት ባለ ብዙ ቋንቋ ከተማ ጥሩ ዘገባ መጀመሪያ የጃፓኑን ስም ያስቀምጣል፤ ከዚያ በአካባቢው የሚታወቁትን ስሞች ያስከትላል። አድናቂው ዘጋቢ ከመደበኛው ጋዜጠኛ በእርግጥ የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ስሞቹን ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል።

ከጉባኤው በፊት

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሳምንታት በፊት ነው። ዘጋቢው ለአዘጋጆቹ ጽፎ የፕሬስ ባጅ ይጠይቃል፤ ቀደም ሲል የሠራቸውንም ሁለት ሦስት ዘገባዎች ያያይዛል። ባጅ ካልተሰጠው ትኬት ገዝቶ ይገባል። ዘገባ ለመሥራት የግድ ባጅ አያስፈልግም፤ ባጅ የሚጠቅመው በተለይ ከእንግዶች ጋር ቀጠሮ ለማግኘት ነው።

ቀጥሎ ፕሮግራሙን አንብቦ ይመርጣል። በአንድ ሰዓት ሦስት መድረክ ካለ ሦስቱንም ለማየት የሚሮጥ ሰው አንዱንም በቅጡ አያይም። የአየር ንብረቱም ይታሰባል፤ በጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ወፍራም የኮስፕሌይ ልብስ የሚለበስባቸው ዝግጅቶች የሚመቹት በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው። ዓርብ የዕረፍት ቀን በመሆኑ ለጉባኤ ቢመችም፣ በጁምዓ ሶላት ሰዓት ቀጠሮ አይያዝም።

በአዳራሹ ውስጥ

የአዳራሽ ሥራ ከሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው መድረክ ነው። ዘጋቢው ተናጋሪው ያለውን ከነሰዓቱ ይጽፋል፤ ቃል በቃል የያዘውንና በራሱ አባባል ያጠቃለለውን በማስታወሻው ላይ ይለያል። በፈረንሳይኛ የተነገረ ነገር በአማርኛ ወይም በሶማሊኛ ሲቀርብ ትርጉም መሆኑ ይገለጻል።

ሁለተኛው ጠረጴዛ ነው። የራሱን ሥራ የሚሸጥ ሠዓሊ ከማንም በላይ የሚናገረው አለው፤ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። አንድ ገጽ ስንት ቀን ይወስዳል? በወረቀት ነው ወይስ በታብሌት የሚሠራው? የት ታተመ፣ ስንት ፈጀ? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች «መነሻ ሐሳብህ ምንድን ነው?» ከሚለው የተሻለ መልስ ያመጣሉ። የጎረቤት አገር ሥራዎችም ለማነጻጸር ይጠቅማሉ። በብስራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ሁለት ቋንቋ መምረጡ ራሱ ለጅቡቲ ሠዓሊ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ እሱስ በየትኛው ቋንቋ ይጽፋል?

ሦስተኛው ጌም ነው። ስለ ጌም የሚጽፍ ሰው ተጫውቶ እንጂ ሌላው ሲጫወት አይቶ አይጽፍም። ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ፣ ጌሙ የተጠናቀቀ ወይም ገና በሙከራ ላይ ያለ መሆኑን፣ በስልክ ወይም በኮንሶል እንደሞከረው ይገልጻል። ለምሳሌ የኢትዮጵያው ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበት የስልክ ጌም ነው። ስለ እሱ «ያዝናናል» ብሎ ማለፍ ለአንባቢ ምንም አይነግርም፤ ጣት በስክሪኑ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ዶሮዋ ስትያዝ ተጫዋቹ ከየት እንደሚጀምር መግለጽ ግን ይነግረዋል።

ፎቶና ፈቃድ

ኮስፕሌይ የጉባኤ ዘገባ ፊት ነው፤ ብዙ አለመግባባትም የሚነሣው በእሱ ነው። ልብሱ ለእይታ ቢሠራም ለባሹ ለፎቶ ፈቃድ ሰጠ ማለት አይደለም። የኒው ዮርክ ኮሚክ ኮን በ2014 ይህን የሚያሳስቡ ሰሌዳዎች በአዳራሹ አቁሟል። ዘጋቢው ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል፤ ፎቶው የት እንደሚወጣም ይናገራል። አብዛኛው ሰው ሙስሊም በሆነባት ጅቡቲ አንዲት ወጣት በአዳራሹ ውስጥ ፎቶ ብትፈቅድም ፎቶው ቤተሰብ ዘንድ እንዲደርስ ላትፈልግ ትችላለች። ልጅ ከሆነች ደግሞ የሚጠየቀው ወላጅ ነው።

ከአዳራሹ ውጭ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በጅቡቲ ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውንና የጦር ሰፈሮቹን ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። ኮስፕሌይ የለበሰን ሰው በመርከቦቹ ፊት አቁሞ ማንሣት ቢያምርም፣ ካሜራ ሊያስወስድ ይችላል።

ከጉባኤው በኋላ

የአድናቂው ዘጋቢ ጥንካሬውም ድካሙም ፍቅሩ ነው። የሚወደውን ደራሲ በቅርብ ሲያይ የሚጽፈው ሁሉ ምስጋና እንዳይሆን ያሰጋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስጦታ ከተቀበለ ይናገራል፤ የጓደኛውን ሥራ ሲያቀርብ ጓደኝነቱን ይገልጻል፤ ድምፁ የማይሰማ መድረክ ወይም ሁለት ሰዓት የፈጀ ሰልፍ ካለም አይደብቅም። ከተወሰነ ቀን በፊት እንዳይወጣ ተብሎ የተሰጠውን ዜና እስከ ቀኑ ይይዛል። የታሪኩን መጨረሻ የሚያወጣ አንቀጽ ካለ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። የሠዓሊን ሥራ ሲያሳይ ስሙን ከሥሩ ይጽፋል። ዋጋ ሲጠቅስም በጅቡቲ ፍራንክ የከፈለውን በፍራንክ ይጽፋል፤ ፍራንኩ ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ስለተቆረጠ አንባቢው ከዓመታት በኋላም ሊያሰላው ይችላል።

ዘገባው ቢቻል በሳምንቱ ውስጥ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ግን ቀን፣ ቦታ፣ ስምና ቁጥር ሳይጎድሉት ይቀመጣል፤ ስንት ጠረጴዛ ነበር፣ ማን ምን ይዞ መጣ፣ በየትኛው ቋንቋ ተነገረ። ኮሚኬት በ2019 ክረምት በአራት ቀን ከ700,000 በላይ ሰው ተገኝቶበታል። በ1975 ታኅሣሥ 21 ሲጀመር ግን 32 ቡድኖችና 700 ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ። ይህ ዛሬ በቁጥር የሚታወቀው በዚያ ቀን ቆጥሮ የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው።