የወፍጮ ሞተር ፍጥነት በምን ይወሰናል?

ማኅበሮች ለወፍጮ ቤታቸው የኤሌክትሪክ ሞተር ሲገዙ ለሻጩ አስቀድመው የሚያቀርቡት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የፈረስ ጉልበቱን የሚመለከት ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። እኩል አሥር የፈረስ ጉልበት ካላቸው ሁለት ሞተሮች አንደኛው ከሌላው በእጥፍ ፈጥኖ ሊዞር ይችላልና። ይህን ሳያዩ የተቃጠለን ሞተር በሌላ መተካት የወፍጮውን ድንጋይ ሊሰነጥቅ፣ ከዚያም አልፎ በሠራተኛው ሕይወት ላይ አደጋ ሊያደርስ ይችላል።

በወፍጮ ቤት በብዛት የሚገኘው ኢንዳክሽን የተባለው ሞተር ነው። ዙሪያውን የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚሽከረከር የማግኔት ኃይል ይፈጥራል፤ መካከል ያለው ዘንግም ያንን ተከትሎ ይዞራል። የዚህን ኃይል ፍጥነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ሲሆን፣ በአገራችን መስመር 50 ጊዜ፣ ማለትም 50 ኸርዝ ነው። ሁለተኛው ሽቦው ሲጠቀለል የተሰጠው የማግኔት ዋልታ ብዛት ነው። ባለሁለት ዋልታው በደቂቃ 3000፣ ባለአራቱ 1500፣ ባለስድስቱ 1000 ዙር ይሆናል። ዘንጉ ግን ምንጊዜም ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ባይቀርማ የሚጎትተው ኃይል አያገኝም ነበር። ስለዚህ በባለአራት ዋልታ ሞተር ሰሌዳ ላይ የሚነበበው 1500 ሳይሆን 1440 ወይም ለዚያ የቀረበ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ቺንጋው እንምጣ። የ1440 ዙር ሞተር ፑሊው 15 ሳንቲ ሜትር፣ የወፍጮው ፑሊ ደግሞ 36 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው ድንጋዩ በደቂቃ 600 ጊዜ ያህል ይዞራል እንበል። በዚሁ ፑሊ 2880 ዙር የሚሠራ ባለሁለት ዋልታ ሞተር ቢገባ፣ ድንጋዩ ወደ 1200 ዙር ያመራል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ድንጋዩን ወደ ውጭ የሚገነጥለው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የአንድ ቀን ሥራ ላለማስተጓጎል ተብሎ ያገኙትን ሞተር መግጠም እንግዲህ እዚህ ያደርሳል።

የቮልት መቀነስ ፍጥነቱን የሚያሳንሰው በጥቂቱ ብቻ ነው። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ሞተሩ ያንኑ እህል ለመፍጨት ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ይግላል፣ ሽቦውም ይቃጠላል። ቮልቱ እስኪስተካከል ወፍጮውን ማቆም ሞተር ከማስጠቅለል ይረክሳል።

ከአሜሪካ ወይም ከሳዑዲ ዓረቢያ የመጣ ሞተር 60 ኸርዝና 1750 ዙር የሚል ሰሌዳ ሊኖረው ይችላል። በእኛ መስመር ግን 1450 ገደማ ይዞራል፤ ቮልቱም መስማማቱን ባለሙያ ማየት አለበት። ሰሌዳው ከተነቀለ ደግሞ ቺንጋ ሳይገባ ሞተሩን በባዶው አስነስቶ በዙር መለኪያ ማስለካት ይቻላል፤ ወደ 1500 ወይም ወደ 3000 መጠጋቱ ወዲያው ይለያል።