ቦሌ ሚካኤል ለማገልገል የሚያስፈልገው ስንቅ

በሰሜን ህንድ ዳራምሳላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ዳላይ ላማን ተከትለው የተሰደዱ ቲቤታውያን ዛሬም ይኖራሉ፤ ከየአገሩ የሚመጡ እንግዶችም እንግሊዝኛ እያለማመዱ ያገለግሏቸዋል። የአዲስ አበባ ወጣት እንዲህ ያለ አገልግሎት ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። ከአየር ማረፊያው ብዙም በማይርቀው ቦሌ ሚካኤል ለዓመታት የኖሩ በርካታ የሶማሊያ ስደተኞች አሉ። እነሱን ለማገልገል የሚነሳ ሰው ገንዘብና ልብስ ከማሰባሰቡ በፊት ሊያዘጋጅ የሚገባው ጊዜን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለወራት የማይታጠፍ፣ ቁርጥ ያለ ጊዜ።

ለምን ቢባል፣ ችግሩ በአንድ ጀንበር የሚፈታ አይደለም። ሶማልኛ ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በይፋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በአገሯ ተምራ የመጣች እናት እንኳ፣ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ በመድኃኒቱ ፖስታ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈላትን «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ማንበብ ሊቸግራት ይችላል። በጆሮዋ የለመደችው አማርኛ ለገበያና ለታክሲ ይበቃት ይሆናል፤ ከልጇ ትምህርት ቤት ለሚላክ ወረቀትና ለቤት ኪራይ ውል ግን አይሆናትም። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል ከነሰባት ቤታቸው ለማስያዝ የአንድ ክረምት ዘመቻ ያጥራል። አስተማሪዋ በሦስተኛው ሳምንት ብትጠፋባት ደግሞ ቀጥሎ የምትመጣዋን ማመን ያቅታታል። የጊዜው አመራረጥም የእነሱን ኑሮ ይከተል፦ ዓርብ ቀትር ጁምዓ ነው፤ በረመዳን ከሰዓት በኋላ የጾመ ሰው ጉልበቱ ይዝላል፤ ለእናቶች ሴት ብታስተምራቸው ብዙዎቹ ዘና ይላሉ።

«የራሳችን መች ሞላና?» የሚል ይኖራል። የኪራዩንና የሥራ ማጣቱን ምሬት ለሚያውቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛ ልጅ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን እንደ ዜጋ ልጅ ፈቅዶለታል፤ የአገሬውና የስደተኛው ልጅ አንድ ክፍል ሊገናኙ ይችላሉ ማለት ነው። አማርኛ ያልገባው ልጅ ሲበዛ መምህሩም ክፍሉም ይጎተታሉ። ስለዚህ ለስደተኛ ልጆች የሚዘረጋው የማስጠኛ ጠረጴዛ ለጎረቤት ልጅ ጭምር ክፍት ከሆነ ማንም ከማንም አይነጠቅም።

«ጥቂትም ቢሆን ከምንም ይሻላል» የሚለው ሙግት ይበልጥ ያሳስበኛል። ብርድ ልብስ ለሚሰጥ ሰው እውነት ነው። ሰው ቤት ገብቶ «ከየት መጣችሁ፣ ለምን ተሰደዳችሁ?» እያለ ለሚጠይቅ፣ ፎቶ አንስቶ ለሚለጥፍ ግን አይሠራም፤ ያ ፎቶ አገር ቤት የቀረ ዘመድን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ስለ ውጭ ጉዞ «ፕሮሰስ» የሚሰጥ ተስፋ ነው። ወደ ሦስተኛ አገር የሚደረገውን ሠፈራ የሚያመቻቸው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ለአገልግሎቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደላላ ግን በተስፋ ላይ ይነግዳል። «እኔ አስጨርስልሃለሁ» የምትል ቅን ቃል ሳታውቀው ለደላላው መንገድ ትጠርጋለች።

ስለዚህ መነሻው ቀድመው በሠፈሩ የሚሠሩ ድርጅቶችንና የመንግሥትን የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ምን እንደጎደለ መጠየቅ ነው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ያንኑ ይናገር፤ የሚያቆምበትንም ወር በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎቹ ያሳውቅ።