አሮጌ መኪና በሜዳ ላይ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎሜትር ያህል ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስትገኝ፥ የፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። በአለም ሳጋ ደን በኩል ቁልቁለቱን ሲወርዱ ነጂው ቀስ ብሎ ስለሚነዳ፥ ያረጀው መኪና ደኅና ይመስላል። ሜዳው ላይ ደርሶ በሰዓት 80 ኪሎሜትር መሮጥ ሲጀምር ግን መሪው በእጅ ላይ ይርገፈገፋል፤ ወንበሩም ይንቀጠቀጣል። ይኸን ጊዜ አንዱ «አርጅቷልና ምን ይደረግ!» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ደግሞ ከደመወዙ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ፥ ሕመሙ ሳይታወቅ መለዋወጫ ይገዛል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

የነገሩ ምክንያት በፊዚክስ ትምህርት የታወቀ ነው። በሚዞር ጎማ ላይ ሚዛን የሚያዛባ ነገር ሲኖር፥ ፍጥነቱ እጥፍ ቢኾን የሚያናውጠው ኃይል 4 እጥፍ ይኾናል። ዙሪያው 2 ሜትር የኾነ ጎማ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ሲሮጥ በሴኮንድ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል። በቸርኬው ውስጥ፥ ከመካከሉ 20 ሳንቲሜትር ርቆ፥ 50 ግራም ጭቃ ደርቆ ቢጣበቅ፥ በ40 ኪሎሜትር ፍጥነት በ1 ኪሎ ከሩብ ያህል ኃይል ይጎትታል፤ በ80 ግን 5 ኪሎ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ በደጋው የክረምት ጭቃ የተመላለሰ መኪና የመጀመሪያው መድኃኒቱ አንድ ባልዲ ውሃ ነው፤ የጎማዎቹን የውስጥ ገጽ አጥቦ እንደገና መሞከር።

መንቀጥቀጡ ካልተወ፥ ነጂው መቼና የት እንደሚሰማው ያስተውል። በተወሰነ ፍጥነት ጀምሮ በመሪው ላይ ከተሰማ፥ ብዙውን ጊዜ የፊት ጎማዎች ሚዛን ተዛብቷል፤ በወንበሩ ላይ ከኾነ የኋለኞቹን ይመርምር። ጎማው አብጦ ወይም ተሰንጥቆ እንደ ኾነም በዓይን ይታያል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከመጣ ጥፋቱ የፍሬኑ ዲስክ ወይም ታምቡር ነው። ቤንዚን ሲሰጥ በርትቶ እግር ሲነሣ ከቀነሰ፥ ኃይል ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ዘንግና መጋጠሚያዎቹ ይታዩ። መኪናው ቆሞ፥ ማርሽ ሳይገባ፥ ሞተሩ ሲጮኽ ያው መንቀጥቀጥ ከተሰማ ግን ጎማዎቹ ንጹሓን ናቸው፤ ሞተሩና የተቀመጠባቸው ጎማማ መደገፊያዎች ይጠየቁ። ይኸ ምርመራ ቆሞ እንጂ በቁልቁለት ማርሽ አውጥቶ አይደረግም፤ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተውና ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። መንቀጥቀጡ በድንገት ከጀመረ ወይም እየበረታ ከሄደ፥ ይልቁንም ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከኾነ፥ «ወረታ ደርሰን እናየዋለን» ማለት አይገባም። ዳር ይዞ መቆምና የጎማውን ብሎኖች አንድ በአንድ መፈተሽ ያሻል፤ የላላ ብሎን ጎማውን እስከ ማውለቅ ይደርሳልና። በአውቶቡስም ኾነ በሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ይኸን ካስተዋለ፥ ለሾፌሩ መንገር የሚያሳፍረው ነገር አይደለም።

ወደ ጋራዥ ሲሄዱም «መኪናዬ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ዝም ማለት አይበቃም። «በ80 ይጀምራል፤ በመሪው ላይ ነው፤ ፍሬን ስይዝ አይለወጥም» ብሎ ለሚያስረዳ ሰው መካኒኩ ሥራው ይቀልለታል፤ ባለመኪናውም ለማያስፈልገው ዕቃ ገንዘቡን አያወጣም።