የሊትየም ባትሪን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል

በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ኩራዝ በሶላር መብራት እየተተካ በመሄዱ፣ ገበሬው ከላምባ ጢስም ሆነ ከኩራዝ መገልበጥ አደጋ እየተገላገለ ነው። ይሁን እንጂ ከመብራቱ፣ ከእጅ ስልኩና ከፓወር ባንኩ ጋር ወደ ጎጆው የገባው የሊትየም ባትሪ የራሱ ጠባይ ያለው ዕቃ ነው።

የቀድሞው የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አንዳንዱም በጥርሱ ነክሶ ጥቂት ቀን ያሠራዋል። ይህ ልማድ ወደ ሊትየም ባትሪ እንዳይሸጋገር መጠንቀቅ ይገባል። በውስጡ ሁለት ንጣፎች በስስ የፕላስቲክ ሽፋን ተለያይተው ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለውም ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው። ባትሪው ሲወጋ፣ ሲጨፈለቅ፣ ከልክ በላይ ሲሞላ ወይም ሲግል ሽፋኑ ተበላሽቶ ንጣፎቹ ይነካካሉ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት እየወለደ መርዘኛ ጢስ ይተፋል፣ ይነዳልም።

ለአደጋ ትልቅ ባትሪ የግድ አያስፈልግም። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. በለንደን ሂትሮው ማረፊያ ባዶውን ቆሞ በነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ላይ እሳት ተነሥቶ ነበር። የእንግሊዝ መርማሪዎች እሳቱን ያገኙት በአደጋ ጊዜ ምልክት በሚያስተላልፍ አነስተኛ መሣሪያ የሊትየም ባትሪ ላይ ሲሆን፣ ሽቦዎቹ በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው እንደነበር ገልጠዋል። ለብቻው የተጫነ የሊትየም አዮን ባትሪም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት መልክ እንዳይሄድ ታግዷል።

በአውቶቡስ ተሳፍሮ ከከተማ ባትሪ ይዞ የሚመለስ ሰውም ጥንቃቄው ያው ነው። ከሳንቲም፣ ከቁልፍ ወይም ከምስማር ጋር በአንድ ኪስ መክተት አይገባም፤ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኖ እያንዳንዱን ለየብቻ መጠቅለል ይሻላል። ከላምባ ጀሪካን አጠገብ ማስቀመጥማ ጭራሽ አይታሰብም።

ማታ ስልክ እየሞላ ትራስ ሥር ወይም የጭድ ፍራሽ ላይ የሚተው ብዙ ነው። መሙላት ያለበት በደረቅና ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ሰው ነቅቶ ሳለ፣ ከሣር ክዳኑና ከጎተራው ርቆ ነው። ለመኪና ባትሪ የተሠራ መሙያ ለሊትየም አይሆንም፤ አንዱ የሊትየም ክፍል ብዙውን ጊዜ ሲሞላ ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለበትምና። ያበጠ ባትሪ ከተገኘ ጋዙን ለማስወጣት በመርፌ መውጋት ክልክል ነው። መሙላቱን አቁሞ ከቤት ውጭ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ማኖር ይገባል።

ባትሪው ቢጢስስ አስቀድሞ ሰዎችን ማስወጣት፣ በር መክፈት፣ ጢሱን አለመተንፈስ ነው። በመብራት መስመር ላይ ተሰክቶ ከሆነ ኃይሉ ከማብሪያው ይቋረጥ። ሊትየም ከውሃ ጋር አይስማማም ሲባል የሰሙ ቢኖሩም፣ ለስልክና ለሶላር መብራት ባትሪ እሳት ግን ራቅ ብሎ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ይበጃል፤ ውሃው ያቀዘቅዘዋልና። አፈር ነበልባሉን ቢሸፍንም ሙቀቱን አያወጣውም። ጠፋ ከተባለ በኋላ እንደገና ሊነሣ ስለሚችል ለሰዓታት ከቤት ውጭ ይቆይ። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ከሆነ ግን መራቅ ነው።

የተቃጠለ ሰው ቢኖር ቁስሉ ላይ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ሳይቀባ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፈስበት፤ ጢሱን የተነፈሰም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።