ውሻዎ ከጅብ ወይም ከቀበሮ ጋር ቢናከስ ምን ማድረግ አለብዎት?

በከተማ ዳርቻና በገጠር ውሻ ሌሊቱን ደጅ የሚያድረው ግቢ ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ ከጅብ ወይም ከቀበሮ ጋር ተናክሶ ቢያድር ብዙ ቤተሰብ እንደ ተራ ነገር ያየዋል። እንደ ሐኪም ግን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዷል? ቁስሉንስ በእጁ የነካ ሰው አለ?

ለምን ያሰጋል?

በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በታመመ እንስሳ ምራቅ ይተላለፋል፤ በንክሻ፣ በመቧጨር፣ ወይም ምራቁ ቁስልን፣ ዓይንን ወይም አፍን ሲነካ። ምልክቱ ወዲያው አይታይም። በሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ በሽተኛው የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ክትባት በጊዜው ከተጀመረ ግን በሽታውን መከላከል ይቻላል።

ውሻው ከተነከሰ

• ቁስሉን በባዶ እጅ አይንኩ፤ ልጆችንም አያስጠጉ።
• ውሻውን ለብቻው ያስሩ ወይም ይዝጉበት።
• በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ። ቀድሞ የተከተበ ውሻም ወዲያው ተጨማሪ ክትባት ያስፈልገዋል። ያልተከተበ ከሆነ ለወራት ተለይቶ መቆየት ሊኖርበት ይችላል። ለጥቂት ቀናት ደህና መስሎ ስለታየ ብቻ አይፍቱት።

ሰው ከተነከሰ ወይም ምራቅ ቁስሉን ከነካው

• ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ።
• በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት ስለሚሰጥ ቀጠሮውን አያቋርጡ።
• ቁስሉ ላይ በርበሬ፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር አያድርጉ። ጠበል የሚሄዱ ከሆነም ክትባቱን ጀምረው፣ ሳያቋርጡ ይሁን።
• ሰው የነከሰው ውሻ መታሰር ከቻለ አይግደሉት፤ ለ10 ቀን ይከታተሉት። ክትባቱን ለመጀመር ግን 10 ቀኑ እስኪሞላ አይጠብቁ።

እንዴት ይከላከላሉ?

ውሻዎን ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ያስከትቡ፤ በየዓመቱም ይድገሙለት። ሌሊት አጥር ውስጥ ይደር። አጥንትና የሞተ እንስሳ ጅብ ስለሚጠራ ከደጅ አርቀው ይቅበሩ። ክትባቱ የዱር እንስሳትንም ይጠብቃል፤ በባሌ ተራሮች በሽታው ከውሾች ተላልፎ በርካታ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል።

በመጨረሻም ልጆችዎን ያነጋግሩ። ብዙ ልጅ ቁጣ ፈርቶ ትንሽ ንክሻን ይደብቃል። ውሻ ቢቧጭራቸው እንኳ ቢናገሩ እንደማይቆጧቸው አስቀድመው ይንገሯቸው።