40 ወይስ 50? የማሞግራም ዕድሜ ክርክር

በ1997 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሰበሰቡት የባለሙያዎች ቡድን በአርባዎቹ ዕድሜ ላሉ ሴቶች ሁሉ ማሞግራም (የጡት ካንሰርን የሚፈልገው የራጅ ምርመራ) ይደረግ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም አለ። ሴኔቱ ብዙም ሳይቆይ ይህን የሚቃወም የውሳኔ ሐሳብ 98 ለ0 አጸደቀ። በ2009 የአገሪቱ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል «መደበኛው ምርመራ ከ50 ዓመት ይጀምር» ሲል እንደገና ቁጣ ተቀሰቀሰ። በ2024 ያው ግብረ ኃይል ዕድሜውን ወደ 40 አወረደው፤ ከ40 እስከ 74፣ በየሁለት ዓመቱ። እንግሊዝ ግን ዛሬም ሴቶችን የምትጠራው ከ50 ዓመት ገደማ ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ ነው።

ክርክሩን ያስረዘመው የምርመራው ባሕርይ ነው። ጡት በሁለት ሰሌዳዎች መሃል ተጭኖ ራጅ ይነሣል። ስብ ጠቆር ብሎ፣ እጢማው ሥጋ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ካንሰሩም ነጭ ነው። በወጣት ሴት ጡት እጢው ስለሚበዛ ፍለጋው ነጭ ጤፍ ውስጥ ነጭ ጠጠር እንደ መልቀም ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ተመርማሪዎች 10 ያህሉ ለተጨማሪ ምርመራ ይጠራሉ፤ አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም፤ ጭንቀቱና አንዳንዴም የናሙና መርፌው ግን አይቀርላቸውም። በሌላ በኩል በአርባዎቹ የሚጀምር ካንሰር ብዙ ጊዜ ፈጣን ነው። በዚያው አገር ጥቁር ሴቶች በበሽታው የመሞት ዕድላቸው ከነጮች 40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ላለች ሐበሻ እንግዲህ 40 ዓመት ሲሞላት ቀጠሮ መያዝ ተገቢ ነው፤ አብዛኛው የጤና መድንም ወጪውን ይሸፍናል። እናቷ ወይም እኅቷ በዚህ በሽታ የታመመች ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀድማ ሐኪም ታማክር።

ይህን የዕድሜ ቁጥር እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት ግን አያዋጣም። እዚህ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ከ50 ዓመት በታች ናቸው፤ የሚመጡትም እብጠቱ ከገነነ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዕቅድ ምልክት የታየባት ሴት ሐኪም ዘንድ ከቀረበች በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራዋ ይለቅ ይላል። እኛ አገር ብዙ ሕይወት የሚያተርፈው ጤና ጣቢያው እብጠቱን በእጁ ዳስሶ «ወተት ነው፣ ያልፋል» ሳይል ቶሎ ቢልክና የናሙናው ውጤት ቢፈጥን ነው። እብጠት የዳሰሰች ሴት፣ 25ም ትሁን 60፣ የማሞግራም ዕድሜ አይመለከታትም፤ በዚያው ሳምንት ትታይ።